ቀድማ ሰላም የማትለው ሴት

ጎረቤቶች፣ ወዳጆች፣ ከደሴ የመጣችሁ የሰርካለም ዘመዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዓሣው እስኪጠበስ ተናገሪ ተብያለሁ። ዓሣው ከቀደመኝ በእጃችሁ ምልክት ስጡኝ። የራበው ሰው ንግግር ሲሰማ ፊቱ ያስፈራኛል።

ለማታውቁኝ፣ ዋሲላ እባላለሁ። በሰርካለም የምክር አገልግሎት ቢሮ በር ከፋች፣ ጠራጊ፣ ሻይ አፍይ፣ ቀጠሮ ያዥ እኔ ነኝ። ይህን ወረቀት ራሴ ጻፍኩት፣ ራሴ አነበዋለሁ። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ስለሆነ ቀስ እላለሁ። የቸኮለ ካለ ሐይቁን እያየ ይጠብቀኝ።

ሽኝት ነው ብላችሁ ጠራችሁኝ። ጡረታዋን እሸኛለሁ። ሥራው በቃኝ ካለች ይብቃት። እሷን ግን ልሸኝ አልመጣሁም። ሰኞ ዕቃዋን አስጭና ከሐይቅ ከተማችን ልትወጣ ነው፣ ደሴ እህቷ ዘንድ ልትገባ። እኔ የቆምኩት አትሂጂ ለማለት ነው። ኋላ አታለለችን እንዳትሉኝ ከመጀመሪያው ልናገር። ሰርኬ፣ ፊትሽን አታዙሪ። ሰው ሲናገር ፊት አይዞርም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

የመጣች ዕለት እንዲህ ነበር። የቤቱ ባለቤት "ከደሴ አንዲት የጤና ባለሙያ ክፍሉን ተከራይታለች፣ ጥረጊው" ብሎኝ ጠርጌ እንደጨረስኩ አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ከውስጡ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ ወረደች። ከላዩ ሁለት ወንበር ወረደ። ሌላ ነገር ይወርዳል ብዬ ብጠብቅ ባጃጁ ሄደ።

"ጠረጴዛው ኋላ ይመጣል?" አልኳት።

"ጠረጴዛ የለኝም።"

"አልጋስ? በሽተኛው የት ይጋደማል?"

"አይጋደምም። ይቀመጣል።"

"መርፌስ? ያ ጆሮ ላይ የሚሰኩትስ?"

"እሱም የለኝም።"

"ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ የኔ እመቤት?"

"ሁለት ወንበር" አለችኝ፣ ምንም እንዳልጎደላት ሰው።

ይህን ስንባባል አንድ መንገደኛ ቆመ። ወንበሩን በእጁ ነቀነቀ፣ እግሩን አየ፣ "ስንት ነው?" አለ።

"አይሸጥም" አለችው።

"ካልተሸጠ ለምን ደጅ አወጣሽው?"

"ሰው እየመጣ ይቀመጥበታል፣ በሰዓት ይከፍላል።"

ሰውየው እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት። "እኔ እቤቴ በነፃ እቀመጣለሁ" ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ያ ሰው ኋላ ተመልሶ መጣ ወይስ አልመጣም ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከበሩ ወዲህ የሆነውን ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን አላውቅም፣ ባውቅም አልናገርም። ከዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ማን ገብቷል ማን አልገባም እያላችሁ ዓይናችሁን አታንከራቱ። ባለሱቋ ረቢያ፣ አንቺን ነው።

ሰርካለም ለሰው የምትለውን የተማርኩት በሩ ላይ ተቀምጬ ነው። የመጀመሪያ ቀን የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ስለሆነ፣ ፍርሃቱን ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚያወርደው። አንዷ የበሩን መቃን ይዛ አልለቅም አለችኝ።

"ምን ታደርገኛለች?" አለች።

"ምንም አታደርግሽም። ትቀመጫለሽ፣ ምን እንዳመጣሽ ትጠይቅሻለች።"

"መናገር ካቃተኝስ?"

"ዝም ትያለሽ። እሷም ዝም ትላለች። ደግሞ ዝም ማለት ታውቅበታለች፣ ቀድመሽ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።"

"ለባሌ ወንድሞች ብትነግርብኝስ?"

"አትነግርም። ራስሽን ወይም ሌላ ሰው ልትጎጂ ከሆነ ብቻ ዝም ብላ አታይም። ያንንም ገና ስትቀመጪ አስቀድማ ትነግርሻለች።"

"ዱዓ ታደርግልኛለች?"

"ዱዓሽን እቤትሽ አድርጊ። ጠበልም ካሻሽ ሂጂ፣ አትከለክልሽም። መድኃኒት የሚያስፈልግሽ ከመሰላት ሐኪም ዘንድ ትልክሻለች። ዋጋውንም ሳትገቢ እነግርሻለሁ፣ ስትወጪ የሚያስደነግጥሽ ነገር የለም።"

"ካልወደድኳትስ?"

"አልወደድኩሽም በያት። አትቀየምም፣ ሌላ ባለሙያ ትጠቁምሻለች። እኔ ብሆን ተቀይሜ አስወጣሽ ነበር።"

ሳቀችና መቃኑን ለቀቀችው። እኔ ለማሳቅ አልነበረም የተናገርኩት፣ እውነቴን ነበር።

ብቻውን መግባት ለእኛ ሰው ከበደው። በአገራችን የጨነቀው ሰው ብቻውን አይሄድም። አንዱ ከአምባሰል ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ወረደ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ደጃፉን ሞሉት።

"ባለጉዳዩ የትኛው ነው?" አልኩ።

"ሁላችንም ነን" አሉኝ ትልቁ።

ሰርካለም ወጣች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው "መጀመሪያ እኔ የነገሩን ሥር ላስረዳ" ሲሉ፣ "አባቴ፣ እርስዎ ከዋሲላ ጋር ሻይ ይጠጡ። እኔ እሱን ልስማው" አለቻቸው።

"ያለ እኛ ምን ሊናገር?"

"እኔም ምን እንደሚናገር አላውቅም" አለችና ልጁን አስገብታ በሩን ዘጋችው። "ልጁ" ስል ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። በሽማግሌ ፊት ግን ሁሉም ልጅ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሻዩን ጠጡ፣ በሩን አዩት። አንደኛው ወንበራቸውን ወደ በሩ ጠጋ አደረጉ። እኔም ሬዲዮኑን ከመደርደሪያ አወረድኩና ከፈትኩት። እሳቸው ጠጋ ሲሉ ድምፁን ጨመርኩ። እንደገና ጠጋ አሉ፣ እንደገና ጨመርኩ። ያ ሬዲዮ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ሥር ነው። ዋሲላ ዘፈን ትወዳለች እያላችሁ ያማችሁኝ ሁሉ ዛሬ ምክንያቱን ስሙ። የለቀቅኩት የአምባሰል ቅኝት ነበርና ትንሽ ቆይታ ሰርካለም በሩን ገርበብ አድርጋ "ዋሲላ፣ እባክሽ ሌላ ቀይሪበት። ሰውየው እኔን ትቶ ዘፈኑን እየሰማ ነው" አለችኝ።

ሌላዋ ደግሞ ባሏን ወክላ መጣች። "የሚጨንቀው እሱ ነው፣ እሱ ግን አጨዳ ላይ ስለሆነ እኔ ልጨነቅለት መጣሁ" አለችኝ። እኔ ልመልሳት ብዬ ነበር። ሰርካለም ግን "ያንቺስ ጭንቀት የት ሄደ?" ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ "እሱን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?" አለች። ገባች።

አንድ ባላገር አዛውንት ደግሞ ሲወጡ ከዘራቸውን እየመቱ ወጡ። "ምከሪኝ አልኳት፣ አልመክርም አለችኝ! ምን ላድርግ ብላት ምን ማድረግ አስበዋል አለችኝ! ይህንንማ እቤቴም አለኝ!" እኔም በውስጤ ተስማማሁ። ይህች ሴት ስትጠየቅ መልስ መስጠት አትወድም። "ሻይ ልስጥሽ?" ስላት "አንቺስ ትጠጫለሽ?" ትለኛለች። "ዛሬ ይዘንባል?" ስላት "ዝናቡ አሳሰበሽ?" ትለኛለች። አንድ ቀን ተናድጄ "ሰርኬ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብልሽ ምን ትያለሽ?" ብላት፣ አሰብ አደረገችና "መቼ ጀመረ እላለሁ" አለች።

አዛውንቱ ግን በሳምንቱ ተመለሱ። እኔ "ምክር የላትም ብለው አልነበረም ወይ?" ብላቸው፣ "ካነጋገረችኝ በኋላ መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ገባሁ፣ አሁን ልጨርሰው ነው" አሉኝ።

ሰዓቷ ሌላው ጣጣ ነው። እንግዳ በቃህ ተነሣ በማይባልበት አገር ይህች ሴት ግድግዳ ላይ ሰዓት ሰቅላ "ለዛሬ እዚህ ላይ እናቁም" ትላለች። አንዱ ወጥቶ ከቤት አባረረችኝ ስላለ ሰፈሩ ሊያስታርቃቸው ተነሣ። ስለዚህ ነገር እሷን ጠየቅኳት። "እንደ እንግዳ ካስተናገድኩት ለእኔ ደስታ ሲል ይቀመጣል። ሰዓቱ ግን የራሱ ነው። መጨረሻው ሲታወቅ ሰው ዋናውን ነገር ይዞ መውጣት አይፈልግም፣ ያወጣዋል" አለችኝ።

ከመጀመሪያው ቀን በኋላ "ቀሎኝ መጥቼ ከብዶኝ ወጣሁ" እያላችሁ ስንቶቻችሁ... ይቅርታ፣ ስንቱ ሰው እኔ ላይ ጮኸ። ለዓመታት የታጠረ ነገር ሲነካ ይከብዳል። አሁን ለሁሉም አስቀድሜ እነግራለሁ። ዛሬ ማታ ደክሞሽ ትተኚ ይሆናል፣ ነገ ልታለቅሺ ትችያለሽ፣ አትደንግጪ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ያንኑ ንገሪያት። አንድ ቀን ሄዶ መልሱን በፌስታል ይዞ የሚመለስ የለም። የሚሻለውም ቀስ ብሎ ነው። አንዳንዱ በጥቂት ጊዜ ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ይቆያል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ወሎዬዎች ሰው ችግሩን ሲነግረን አፋችን ላይ ያለው አይዞህ የምንልበት አንድ ቃል ነው፤ አብሽር። ሰርካለም ግን አብሽሪ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ልበ ደንዳና መስላኝ "አንዲት አብሽሪ ምን ትከብድሻለች?" አልኳት አንድ ቀን።

"አብሽሪ ስትባዪ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ።

"እሺ እላለሁ።"

"ከዚያስ?"

ከዚያማ ምን አለ? እሺ ካልሽ በኋላ ወሬው ያልቃል። እኔ ከባሌ የተጣላሁ ጊዜ ሽማግሌዎች ጉዳዬን ያዩት በዛፍ ሥር፣ በአደባባይ ነው። ማን ምን እንዳደረገኝ፣ የት እንደመታኝ፣ ለምን እንደሆነ፣ የመጣ የሄደው ሁሉ ሰማ። ሁሉም አብሽሪ ብሎኝ እራቱ እንዳይበርድ ወደየቤቱ ገባ። እኔ ስወድቅ ስነሣ የሰፈሩ ወሬ ሆኜ ከረምኩ። ያን ጊዜ የሚዘጋ በር ያለው ቤት ቢኖርና አብሽሪ የማትል አንዲት ሴት ውስጥ ብትቀመጥ... ይሁን። ሽማግሌዎቹን አሁንም አልወዳቸውም። የሞቱትንም ጭምር።

አሁን ሰርካለም ከከተማው ወደምትወጣበት ምክንያት ልምጣ። ሐይቅ ይህችን ሴት ያማት በምን ነበር? በትዕቢት።

ሰላምታ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መንገድ የተገናኘ ሰው ቆሞ ስለ ሰውየው፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ ነው የሚያልፈው። ሰላም ሳይል ያለፈ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ንቆናል። ሰርካለም በመጣች ሰሞን አንዲት ሴት እሳት ለብሳ ቢሮ ድረስ መጣችብኝ።

"የሆዴን ሁሉ ዘርግፌላት ዛሬ ገበያ ላይ እንደማታውቀኝ አለፈችኝ! ናቀችኝ!"

እኔም ሰርካለምን ይዤ "ምን ነካሽ?" አልኳት።

"ቀድሜ ሰላም ብላት፣ አጠገቧ ያለው ሰው ይቺን ከየት ታውቂያታለሽ ይላታል" አለችኝ። "ያንን መናገርም መደበቅም የሷ መብት ነው እንጂ የኔ አይደለም። እሷ ሰላም ካለችኝ ግን እስክትጠግብ እመልስላታለሁ።"

"ይህን ለምን አልነገርሻትም?"

"የመጀመሪያ ቀን ነግሬያታለሁ። የጨነቀው ሰው የሰማው ሁሉ አይያዝለትም። አንቺም ደግመሽ ንገሪልኝ።"

ደግሜ መንገር ጀመርኩ። ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ሰርካለም የማታክማቸውን ሁሉ እንደ ደንቡ ሰላም ትላለች፣ ደንበኞቿን ግን ዝም ትላለች። ከቢሯችን ፊት ለፊት ደግሞ ሱቅ አለ። ሱቁ ውስጥ ረቢያ አለች። አትሸሸጊ ረቢያ፣ ዛሬ ሁላችንም እዚሁ ነን። ረቢያ ተቀምጣ አየች። "ለዓሣ አስጋሪው እንዴት ነህ አለች። ለመምህሩ እንዴት ነህ አለች። ለእንትና ሚስት ግን ዝም። አሃ!"

አሃ ያለችው ለራሷ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ሁሉ ሰርካለም ሰላም ሳትል የዘለለችው ሰው ማን እንደሆነ መልቀም ጀመረ። ምስጢር ልትጠብቅ ዝም ያለችው ራሱ ምስጢሩን አወጣው። ይባስ ብሎ ሰርካለም መነጽሯን ረስታ የወጣች ዕለት ማንንም ስላላየች ግማሽ ሐይቅ ደንበኛ ሆኖ ዋለ። በማግስቱ አንድ ጤነኛ ሰው እያለከለከ መጣ። "እባክሽ እትዬ ዋሲላ፣ ነገ በሚስቴ ፊት ሰላም በይኝ በያት! ምን ብለህ ነገርካት እያለች ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም!"

እኔ ሳቅሁ። ሰርካለም አልሳቀችም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ብዙ አሰበችና "ከዛሬ ጀምሮ ማንንም ቀድሜ ሰላም አልልም" አለች።

"ማንንም?"

"ማንንም።"

"ሰርግ ላይ? ለቅሶ ላይ?"

"የትም።"

"እኔንስ?"

"አንቺንም፣ መንገድ ላይ።"

እንዲህ ነው እንግዲህ ትዕቢተኛዋ የተወለደችው። ሁሉንም ከዘለለች ማን እንደተዘለለ አይታወቅም። የናንተን ስም ለማዳን የራሷን ሰጠች። እኔም ምክንያቱን እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። ምክንያቱ ከታወቀ ሰው ደግሞ ማን ሰላም እንደሚላት እያየ መልቀም ይጀምራል ብላ ነው። ዛሬ በሯን ስለዘጋች ፈቃድ ሳልጠይቅ ተናገርኩት። ትቆጣ።

ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደኖረች እኔ ነኝ ያየሁ። ሰርግ ቤት ስትገባ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ሰው መጥቶ ሰላም እስኪላት። ከሥራ ስትወጣ በሐይቁ ዳር ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ያ ቀስ ማለቷ ኩራት የመሰላችሁ አላችሁ። ሰው ሰላም ሊላት ቢፈልግ እንዲደርስባት ነው።

አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ፊቷ በርቶ ትገባለች።

"ምን አገኘሽ?" እላታለሁ።

"አንድ ሰው መንገድ ተሻግሮ ሰላም አለኝ። ልጆቼን ሳይቀር ጠየቀኝ።"

"ልጅ የለሽም እኮ።"

"እሱ ምን ያውቃል? ደህና ናቸው አልኩት።"

ማን እንደሆነ አትነግረኝም። እኔም አልጠይቃትም። ያን ቀን ግን ሻዩን ሳትጠይቀኝ ትጠጣለች።

ባለፈው ሳምንት ዕቃዋን ስትሰበስብ ደረስኩባት። "ሥራው ይብቃሽ፣ ከተማው ምን አደረገሽ?" አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄዬን በጥያቄ አልመለሰችውም።

"እዚህ የማውቀውን ሰው ሁሉ እንደማላውቀው ሆኜ ነው የኖርኩት" አለችኝ። "ጡረታ ወጣሁ ብዬ ነገ መንገድ ላይ እንዴት ናችሁ ብል፣ ስዘጋው የኖርኩትን በር ከፈትኩት ማለት ነው። እኔ ጡረታ ብወጣ የሰው ምስጢር ጡረታ አይወጣም። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ሰላም በማልልበት ሰፈር ማርጀት ከበደኝ። ማን አለኝ እዚህ?"

ተናደድኩ። እኔ መናደድ ይቀናኛል። ማን አለኝ ትላለች! ቤቴ ገብቼ ፊደሌን አውጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ፊደሉንም ካነሣሁት አይቀር እሱን ልጨርስ። ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ስገባ ሰዎች "አሁን ተምረሽ ምን ልትሆኚ?" አሉኝ። እሷ ጎበዝ አላለችኝም፣ እሰይም አላለችኝም። ትምህርት ባለኝ ቀን የመጨረሻውን ቀጠሮ አንሥታ በጊዜ እንድወጣ አደረገች። ደሞዜንም አልነካችውም፣ ወሬም አላደረገችውም። እኔ ምስጋና አልወድም፣ የሚያመሰግነኝ ሰው ሁሉ ነገ የሚለምነኝ ነገር አለው። ለዚህ ግን፣ ሰርኬ፣ አመሰግንሻለሁ። በሕይወቴ ሳያጨበጭብ የረዳኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

አንዳንዶቻችሁ ዋሲላስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ታውቃለች ወይ ብላችሁ እያሰባችሁ ነው። አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። "ካንቺ ጋር ሻይ እጠጣለሁ፣ አብረን እንሠራለን፣ ይህና ያ አንድ ላይ አይሄዱም" አለችኝና ደሴ ያለች ሌላ ባለሙያ ስም ሰጠችኝ። ሄጄ ይሁን አልሄድኩ ይሁን የኔ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ሬዲዮ ከፍቻለሁ።

ሰሚሃ፣ የሰርካለምን ቦታ የምትረከቢው አዲሷ ባለሙያችን፣ ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱ ወንበሮች ያንቺ ናቸው። ሰው ልጅ እግር ነች፣ ምን አይታ ታውቃለች ይላል። ይበል። ሰርካለምንም ወንበር ሻጭ ብለዋታል። በሩን ዝጊ፣ ሰዓትሽን ጠብቂ፣ ሬዲዮኑን ለእኔ ተይልኝ። እናንተም ሰሚሃ መንገድ ላይ ብትዘላችሁ ምን እንደሆነ ከዛሬ ወዲያ ታውቃላችሁ። ቀድማችሁ ሰላም በሏት።

አሁን ሁላችሁም ተነሡ። ብርዝ የያዘ ብርዙን፣ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን ያንሣ። ዓሣው ደረሰ እያላችሁ ምልክት የምትሰጡኝ፣ አይቻለሁ፣ ይቆይ።

ሰርካለም፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ መነጽርሽ አይጥፋብሽ። የሰማሽው የሰው ሐዘን ሁሉ እንቅልፍሽን አይንካው። አሚንም አሜንም በሉ።

ቀድመሽ ሰላም ማለት አትችዪም። ይህን አልጠይቅሽም። እኛ ግን እንችላለን፣ ማንም አልከለከለንም። ስለዚህ ብርጭቋችሁን ጠጥታችሁ አስቀምጡና ሁላችሁም ተሰለፉላት፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠም፣ ያልተቀመጠም፣ በሩን ያለፈም፣ በሩን አይቶ የተመለሰም፣ ረቢያም። ሁሉም ሰላም ካላት ማን ምን እንደነበር ማንም አያውቅም። ነገም መንገድ ላይ እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ ትደርሱባታላችሁ። ሰኞ የሚመጣውን መኪና ደግሞ እኔ በር ላይ ቆሜ እመልሰዋለሁ። በር ላይ መቆም ሥራዬ ነው።

እኔ ልጀምር።

ሰርካለም፣ እንዴት ዋልሽ? ደህና ነሽ ወይ? ቤቱ ደህና ነው? እህትሽ ደህና ናት? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ያ ብርድ ተወሽ? እንቅልፉስ? ያ የሌሉሽ ልጆችሽ ደህና ናቸው? መልሺልኝ እንጂ የኔ እህት። ቀስ ብለሽ መልሺ፣ እዚህ ሰዓት የያዘብሽ የለም።